የሞንትጎመሪ እግረኞች

ሌሊቱ ተጋምሷል። በአላባማ ስቴት ኮሌጅ የእንግሊዝኛ መምህርቷ ጆ አን ሮቢንሰን፣ አንድ የሥራ ባልደረባቸውና ሁለት ተማሪዎቻቸው በስቴንስል ማባዣው ዙሪያ ቆመው ወረቀት ያባዛሉ። ወረቀት ለመቆጠብ አንዱን ገጽ ለሦስት ከፍለው ያንኑ መልእክት ሦስት ጊዜ ጽፈውበታል፤ ተባዝቶ ሲወጣ ይቆረጣል፣ ይቆጠራል፣ በየእሽጉ ይታሰራል። መልእክቱ አጭር ነው። አንዲት ጥቁር ሴት አውቶቡስ ውስጥ ለነጭ አልነሣም በማለቷ ታስራለች፤ ሰኞ ዕለት ማንም አውቶቡስ እንዳይሳፈር፤ ወደ ሥራም ሆነ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ በእግሩ ወይም በታክሲ ይሂድ።

ጊዜው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ለዲሴምበር 2 ቀን 1955 አጥቢያ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ኮሌጁ የመንግሥት ነው፤ ማባዣውም ወረቀቱም የአላባማ ግዛት ንብረት ነው። የዚያ ሌሊት ሥራ ያለጊዜው ቢታወቅ የመምህርቷ እንጀራ ይዘጋ ነበር። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ ሥራው አለቀ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር በራሪ ወረቀት ተዘጋጀ። ሮቢንሰን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ክፍል ገብተው አስተማሩ። ከክፍል ሲወጡ ከሁለቱ ተማሪዎች ጋር ወረቀቱን መኪናቸው ላይ ጭነው በየትምህርት ቤቱ፣ በየፀጉር ቤቱ፣ በየሱቁና በየፋብሪካው አዳረሱት።

በዚያ ወረቀት ላይ የሮዛ ፓርክስ ስም የለም።

ብዙዎቻችን የምናውቀው ታሪክ አጭር ነው። ሥራ ውላ የደከማት ልብስ ሰፊ ከወንበሯ አልነሣም አለች፣ አንድ ወጣት ሰባኪ ተነሥቶ ተናገረ፣ ሕጉ ተለወጠ። ከዚህ ውስጥ ፈጽሞ ሐሰት የሚባል የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ታሪኩ እንዲህ ሲነገር በመካከል ያለው 381 ቀን ይጠፋል፤ ድሉን ያመጣው ደግሞ ያ የጠፋው ነው። ወረቀት ማባዛት፣ መኪና ማሰማራት፣ ኬክ ጋግሮ መሸጥ፣ መዋጮ መቁጠር፣ ፍርድ ቤት መመላለስ። ስለ አሜሪካ ጥቁሮች የእኩልነት ትግል የሚነገረን በአመዛኙ ስለ ጀግንነት ነው። ጀግንነቱ አለ፤ አልክድም። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የሥራው ብዛትና የተሠራበት ሥርዓት ነው።

የአውቶቡሱ ሕግ

ሞንትጎመሪ የአላባማ ግዛት መዲና ናት። የደቡብ ግዛቶች በ1861 ባርነትን ላለመልቀቅ ከአሜሪካ ሲገነጠሉ የመጀመሪያ ዋና ከተማቸው ያደረጓት እሷን ነበር። ባርነት በ1865 በሕግ ቢቀርም፣ ከዚያ በኋላ በደቡቡ የወጡት የመለያየት ሕጎች ጥቁሩን በትምህርት ቤት፣ በሆስፒታል፣ በምግብ ቤት፣ በመቃብር ቦታ ሳይቀር ለዩት። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1896 እኩል እስከሆነ ድረስ ለየብቻ መሆኑ ችግር የለውም ሲል ለመለያየቱ ማኅተሙን አሳረፈለት። በ1954 ይኸው ፍርድ ቤት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ያለው መለያየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ፤ የከተማ አውቶቡስ ግን ገና አልተነካም ነበር።

አንድ የሞንትጎመሪ አውቶቡስ 36 ሰው ያስቀምጣል። የፊተኞቹ አሥር ወንበሮች የነጮች ናቸው፤ ባዶ ቢሆኑ እንኳ ጥቁር አይቀመጥባቸውም። የኋለኞቹ አሥር የጥቁሮች ናቸው። የመካከለኞቹ ነገር በሾፌሩ እጅ ነው። ነጭና ጥቁር በአንድ ረድፍ መቀመጥ ስለማይችሉ፣ አንድ ነጭ መቀመጫ ሲያጣ የረድፉ ጥቁሮች አራቱም ይነሣሉ። ሾፌሩ በከተማው ደንብ የፖሊስ ሥልጣን ተሰጥቶታል። ከሁሉ ይልቅ ሰውን ያንገበግብ የነበረው ግን የበሩ ነገር ነው። ጥቁር ተሳፋሪ በፊት በር ገብቶ አሥር ሳንቲሙን ይከፍላል፤ ከዚያ ወርዶ በኋላ በር እንዲገባ ይታዘዛል። ሰውየው ወደ ኋላ ሲሮጥ ሾፌሩ ገንዘቡን እንደያዘ ጥሎት የሚሄድበት ጊዜ ነበር። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከአውቶቡስ ተሳፋሪው ሦስት አራተኛ ያህሉ ጥቁር በሆነበት ከተማ ነው። ድርጅቱ ቀለቡን የሚያገኘው ከሚያዋርዳቸው ሰዎች ኪስ ነበር፤ የአድማው ጉልበትም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ጆ አን ሮቢንሰንም ይህን ቀምሰውታል። በ1949፣ ወደ ከተማዋ በመጡበት ዓመት፣ ባዶ ሊባል በሚችል አውቶቡስ ውስጥ ወደ ፊት ቀረብ ብለው ተቀምጠው ሾፌሩ እጁን ሰንዝሮ ጮኸባቸው፤ እያለቀሱ ወረዱ። ጥቁር መምህራንና የተማሩ ሴቶች በ1946 ያቋቋሙት የሴቶች የፖለቲካ ምክር ቤት የሚባል ማኅበር ነበረ። ሮቢንሰን የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ አውቶቡሱን ዋና ጉዳያቸው አደረጉት። በሜይ 1954 ለከንቲባው በጻፉት ደብዳቤ፣ አያያዙ ካልተሻሻለ ሕዝቡ አውቶቡስ መሳፈር ሊያቆም እንደሚችል በትሕትና አስጠነቀቁ። ስለዚህ የዚያ ሌሊት ወረቀት ድንገት የመጣ አልነበረም። ከዓመት ተኩል በላይ የታሰበበት ነው፤ የሚጠበቀው ቀኑ ብቻ ነበር።

ልጅቷና ጸሐፊዋ

ቀኑ ሊሆን የሚችል አንድ ጊዜ ቀድሞ መጥቶ አልፏል። ማርች 2 ቀን 1955 ከትምህርት ቤት ስትመለስ የነበረች የ15 ዓመት ልጅ፣ ክላውዴት ኮልቪን፣ ተነሺ ስትባል እንቢ አለች። ፖሊሶች እየጎተቱ አወጧት፣ እጇን በካቴና አስረው ወሰዷት። የጥቁሮቹ መሪዎች ጉዳዩን ይዘው ለመሟገት አስበው ነበር፤ በኋላ ተዉት። ልጅ ናት፣ ከድኻ ሰፈር ናት ተባለ፤ ቆይቶም ሳታገባ አረገዘች፤ ጋዜጦች ይዘባበቱባታል ብለው ፈሩ። ስሌቱ ይገባኛል፤ የሚገጥሙት ጠላት ትንሽ ቀዳዳ የሚፈልግ ነበር። ቢሆንም ያቺ ልጅ በትምህርት ቤቷና በሰፈሯ ብቻዋን የተሸከመችው ነገር የዚህ ድል ዋጋ አንድ ክፍል መሆኑ ሊሸሸግ አይገባም። እነ ሮቢንሰን ባባዙት ወረቀት ላይ በስም የተጠቀሰችው እሷ ነበረች፤ የአባቷ ስም ግን ተሳስቶ ነበር የተጻፈው።

ሮዛ ፓርክስ ያን ጊዜ የ42 ዓመት ሴት ናቸው። የተወለዱት በ1913 በተስኪጊ ነው፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ኢትዮጵያን በአብራሪነት ያገለገለው ጆን ሮቢንሰን የተማረባት ከተማ ናት። በአንድ ትልቅ የልብስ መደብር በልብስ ሰፊነት ይሠራሉ። ይህ የቀን ሥራቸው ነው። ከ1943 ጀምሮ ደግሞ ለጥቁሮች መብት የሚሟገተው ትልቁ ማኅበር፣ ኤንኤኤሲፒ (NAACP)፣ የሞንትጎመሪ ቅርንጫፍ ጸሐፊ ናቸው። የተደፈሩ ሴቶችን፣ ያለ ፍርድ የተገደሉ ሰዎችን ጉዳይ እየተከታተሉ ቃል ሲቀበሉና ሲመዘግቡ ኖረዋል። ከመታሰራቸው በፊት በነበረው ክረምትም ቴነሲ ውስጥ ሃይላንደር በተባለ የታጋዮች ማሠልጠኛ ቆይተው መጥተዋል። እኚህን ሴት «ደክሟቸው ነው የተቀመጡት» ብሎ ማለፍ የአሥራ ሁለት ዓመት ሥራቸውን መፋቅ ነው። ራሳቸውም ኋላ ላይ አስረድተዋል፤ አካላቸው ከሌላው ቀን የተለየ ድካም አልነበረበትም፣ የደከማቸው ሁልጊዜ እሺ ማለት ነው።

ሾፌሩ ጄምስ ብሌክ ይባላል። በ1943 በኋላ በር ግቢ ብሎ ከአውቶቡሱ ያስወረዳቸው እሱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እሱ የሚነዳውን አውቶቡስ አይተው ያሳልፉ ነበር። ሐሙስ ዲሴምበር 1 ማታ ግን ማን እንደሚነዳ ሳያዩ ገቡ። አንድ ነጭ መቀመጫ አጣ፤ ብሌክ የረድፉን አራት ጥቁሮች ተነሡ አላቸው። ሦስቱ ተነሡ። ፓርክስ ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ። ትነሺያለሽ ወይ ብሎ ጠየቃቸው፤ እንደማይነሡ ነገሩት። ፖሊስ እጠራለሁ አለ፤ መጥራት እንደሚችል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መለሱለት።

በዋስ ያስወጧቸው የረጅም ጊዜ የትግል ጓዳቸው ኢ. ዲ. ኒክሰን ናቸው። ኒክሰን በባቡር ላይ የመኝታ ክፍል አስተናጋጅ ሆነው የኖሩ፣ በሠራተኛ ማኅበር የተፈተኑ ሰው ነበሩ። ከእሳቸው ጋር ነጩ ጠበቃ ክሊፎርድ ደርና ባለቤታቸው ቨርጂኒያ ደር ወደ እስር ቤቱ ሄደዋል። የእነ ሮቢንሰን ማባዣ መሥራት የጀመረው በዚያው ሌሊት ነው።

ሰኞ

ዲሴምበር 5 ጠዋት አውቶቡሶቹ ባዷቸውን አለፉ። በዚያው ጠዋት ፍርድ ቤቱ በፓርክስ ላይ 10 ዶላር መቀጮና 4 ዶላር የፍርድ ቤት ወጪ ፈረደ። ከሰዓት በኋላ መሪዎቹ ተሰብስበው የሞንትጎመሪ ማሻሻያ ማኅበርን አቋቋሙና የ26 ዓመቱን ፓስተር ማርቲን ሉተር ኪንግን ሊቀመንበር አድርገው መረጡ። ኪንግ ወደ ከተማዋ ከመጡ ገና ሁለተኛ ዓመታቸው ነበር። ለምርጫው አንዱ ምክንያት ይኸው አዲስነታቸው ነው፤ የድሮ ጠብና ወገን አልነበራቸውም።

ማታ በሆልት ስትሪት ቤተ ክርስቲያን በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተሰበሰበ፤ ውስጥ ቦታ ያጣው በድምፅ ማጉያ እያዳመጠ ውጭ ቆመ። አድማው ይቀጥል ወይስ ይቁም ሲባል ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ ይቀጥል አለ።

የጠየቁት ሦስት ነገር ነው። ሾፌሮች ተሳፋሪውን በአክብሮት ይያዙ። ጥቁሮች ከኋላ፣ ነጮች ከፊት ጀምረው እንደ አመጣጣቸው ይቀመጡ፤ የተቀመጠ አይነሣ። ጥቁሮች በሚበዙባቸው መስመሮች ጥቁር ሾፌሮች ይቀጠሩ። መለያየቱ ይቅር የሚል በዚህ ውስጥ የለም! ሕዝቡ የጠየቀው በመለያየቱ ውስጥ ትንሽ ክብር ነበር። ከተማዋ ይህንኑ ነፈገች። የሞንትጎመሪ ባለሥልጣናት ያን ጊዜ እሺ ቢሉ ኖሮ አድማው በሳምንቱ ሊያልቅ ይችል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ እንቢታቸው ጥያቄውን አሳደገው።

ያለ አውቶቡስ

በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በየቀኑ ሥራው መድረስ አለበት። አብዛኞቹ ሴቶች በነጭ ቤት የሚሠሩ ናቸው፤ ሥራቸው ከሰፈራቸው በጣም ይርቃል። በመጀመሪያ ጥቁር የታክሲ ሾፌሮች በአውቶቡስ ዋጋ፣ በአሥር ሳንቲም፣ ያጓጉዙ ጀመር። ከተማው ወዲያው አንድ የቆየ ደንብ አነሣ፤ የታክሲ ዝቅተኛ ዋጋ 45 ሳንቲም ነው፣ ከዚያ ያሳነሰ ይቀጣል። ኪንግ ወደ ሉዊዚያና ወደ ባተን ሩዥ ደወሉ። በዚያ ከተማ በ1953 ጥቁሮች አጭር የአውቶቡስ አድማ መትተው ነበርና የመኪና አደረጃጀታቸውን ከመሪው ከፓስተር ቲ. ጄ. ጀሚሰን ጠይቀው ተረዱ።

ያቋቋሙትን ለአዲስ አበባ ሰው ለማስረዳት የድሮው ውይይት ታክሲ ይበቃል። መስመር አለው፣ ፌርማታ አለው፣ ተራ አስከባሪ አለው፤ ልዩነቱ ሒሳብ የሚሰበስብ ወያላ የለውም። መኪና ያለው ሁሉ መኪናውን ሰጠ፤ ቁጥሩ ወደ 300 ደረሰ። ከአርባ በላይ የመጫኛና የማውረጃ ቦታዎች ተለዩ፤ ጠዋት ከየሰፈሩ ወደ ሥራ፣ ማታ ከሥራ ወደየሰፈሩ። መሐል ከተማ ያለ አንድ የጥቁሮች የመኪና ማቆሚያ ዋናው መናኸሪያ ሆነ። የትራንስፖርት ኮሚቴውን ይመሩ የነበሩት ሩፉስ ሉዊስ ቀደም ሲል ሕዝብን ለመራጭነት በማስመዝገብ የታወቁ ሰው ናቸው፤ ሰው በየቀበሌው ማደራጀት ያውቁበታል። ፓስተሮች ነዱ፣ መምህራን ነዱ። የጥቁሮች ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ነጩ ፓስተር ሮበርት ግሬትዝ በየጠዋቱ ሰው ያመላልሱ ነበር። ሮቢንሰንም ከክፍል በፊትና በኋላ ይነዳሉ። ነጭ እመቤቶች ሳይቀሩ ሠራተኞቻቸውን በመኪናቸው ያመጡ ጀመር፤ ከንቲባው ተዉ ቢሏቸውም ብዙዎቹ ቤታቸው ሥራ ፈቶ ከሚቀር ማምጣቱን መረጡ።

ከተማው ደግሞ በትራፊክ ፖሊስ መጣ። ፍሬቻ አላሳየህም፣ ፈጥነሃል፣ ዘግይተሃል እያለ ቅጣት ያዘንብ ገባ። ኪንግ ጃኑዋሪ 26 ቀን 1956 የታሰሩት በሰዓት 25 ማይል በሚፈቀድበት መንገድ 30 ነድተሃል ተብለው ነው። በአራተኛው ቀን ቤታቸው በረንዳ ላይ ቦምብ ፈነዳ፤ ባለቤታቸውና ገና ሁለት ወር ያለፋት ልጃቸው ውስጥ ነበሩ፣ ተረፉ። ብዙም ሳይቆይ በኒክሰን ግቢ ሌላ ፈነዳ። በሮቢንሰን መኪና ላይ አሲድ ፈሰሰበት። በፌብሩዋሪም የአላባማ ዐቃቤ ሕግ ከ1921 የቆየ ፀረ አድማ ሕግ አውጥቶ 89 ሰዎች ላይ ክስ አስመሠረተ። ተከሳሾቹ ፖሊስ እስኪመጣ አልጠበቁም፤ ለብሰው ለባብሰው ራሳቸው ሄደው እጃቸውን ሰጡ። ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ እንደሌለ ሲያውቅ ያዘነም ነበር።

ቤተ ክርስቲያኖች ተጨማሪ መኪና ገዝተው በስማቸው አስመዘገቡ። በዚህ ጊዜ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ውላቸውን መሰረዝ ያዙ፤ ያለ ኢንሹራንስ ደግሞ መንዳት አይቻልም። መፍትሔው የተገኘው ከአትላንታ ነው። ቲ. ኤም. አሌክሳንደር የተባሉ ጥቁር የኢንሹራንስ ወኪል ከሎንዶኑ ሎይድስ ዋስትና አገኙላቸው። ለነዳጅ፣ ለጥገና፣ ለጎማ በየሳምንቱ ብዙ ሺህ ዶላር ይወጣል። ገንዘብ ከሰሜኑ የአሜሪካ ግዛቶችና ከውጭ አገር ሳይቀር መጣ፤ ከዚያው ከተማ የድኻ ጓዳ የወጣው ግን ከሁሉ ይበልጥብኛል።

የጆርጂያ ጊልሞር ወጥ ቤት

ጆርጂያ ጊልሞር በአንድ ምግብ ቤት ምግብ አብሳይ፣ የስድስት ልጆች እናትና አዋላጅ ነበሩ። ገና አድማው ሳይጀመር፣ አንድ ሾፌር ገንዘባቸውን ተቀብሎ በኋላ በር ግቢ ካለ በኋላ ጥሏቸው ስለሄደ በግላቸው አውቶቡስ መሳፈር ትተዋል። አድማው ሲጀመር የሰፈር ሴቶችን ሰብስበው ምግብ መሥራት ጀመሩ። የተጠበሰ ዓሣና ዶሮ፣ ከስኳር ድንች የሚሠራ ፓይ፣ ኬክ በየፀጉር ቤቱ፣ በየልብስ ማጠቢያውና በየታክሲ ማቆሚያው ይሸጣሉ። የገዙት ሁሉ የአድማው ደጋፊዎች አልነበሩም፤ ከገዢዎቹ መካከል ገንዘባቸው የት እንደሚሄድ የማያውቁ ነጮችም ነበሩ።

የማኅበሩ ስም ራሱ መከላከያ ነበር፤ «ከየትም ያልመጣ ማኅበር» አሉት። አባላቱ አብዛኞቹ በነጭ ቤት የሚሠሩ ናቸው፤ ስማቸው ከታወቀ ይባረራሉ፤ የተከራዩትን ቤት ሊነጠቁም ይችላሉ። ማን እንደጋገረ፣ ማን እንደከፈለ የሚያውቁት ጊልሞር ብቻ ናቸው። በየሳምንቱ በሚደረገው ስብሰባ ላይ ተነሥተው ገቢውን ለሕዝቡ ሲናገሩ ቤተ ክርስቲያኑ በጭብጨባ ይናወጥ ነበር። በከተማዋ ሌላ ወገን ያሉ ሴቶች ደግሞ በኢኔዝ ሪክስ መሪነት ተፎካካሪ ማኅበር አቋቋሙ፤ በየሳምንቱ ማን በለጠ የሚል እሽቅድድም ሆነ።

በማርች 1956 በኪንግ ላይ በተደረገው ችሎት ጊልሞር ለመከላከያ ቆመው ሾፌሩ ያደረጋቸውን አንድ በአንድ መሰከሩ። ከሥራ ተባረሩ። ኪንግ ለድስትና ለምድጃ የሚሆን ገንዘብ ረድተዋቸው በቤታቸው ምግብ ሠርተው መሸጥ ጀመሩ። የእሳቸው ማዕድ ቤት መሪዎቹ እየበሉ ምሥጢር የሚመክሩበት ቦታ ሆነ።

አራት ሴቶች በፍርድ ቤት

አድማው አውቶቡሱን አክስሮታል፤ መለያየቱን በሕግ የገደለው ግን ክሱ ነው። የ25 ዓመቱ ጥቁር ጠበቃ ፍሬድ ግሬይ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1956 ለፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ አቀረቡ። ከሳሾቹ ውስጥ ሮዛ ፓርክስ የሉም፤ የእሳቸው ጉዳይ በግዛቱ ፍርድ ቤት በይግባኝ ላይ ስለነበረ እንዳይደናቀፍ ተተወ። እስከ መጨረሻው የቆሙት አራት ናቸው፦ ኦሬሊያ ብራውደር፣ ሱዚ ማክዶናልድ፣ የ18 ዓመቷ ሜሪ ሉዊዝ ስሚዝና ያቺ ክላውዴት ኮልቪን። ለአድማው ፊት አትሆንም የተባለችው ልጅ ለፍርድ ቤቱ ምስክር ሆና ቆመች፣ መስቀለኛ ጥያቄውንም ተቋቋመችው።

ጁን 5 ቀን ሦስት ዳኞች ሁለት ለአንድ ፈረዱላቸው። ከተማው ይግባኝ አለ። ኖቬምበር 13 ቀን ኪንግ ሞንትጎመሪ ፍርድ ቤት ተቀምጠዋል፤ ከተማው የመኪና ስምሪቱ በፍርድ እንዲታገድ ጠይቆ ክርክር ላይ ናቸው። በዕረፍት ሰዓት አንድ ጋዜጠኛ ወረቀት አቀበላቸው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የአላባማን የአውቶቡስ መለያየት ሕግ መሻሩን የሚገልጽ ዜና ነበር። የሞንትጎመሪው ዳኛ ግን በዚያው ቀን የመኪና ስምሪቱን አገዱ።

ትእዛዙ በወረቀት ከዋሽንግተን እስኪደርስ ከአንድ ወር በላይ ፈጀ። ሕዝቡ በዚያ ሁሉ ጊዜ ማሸነፉን እያወቀ፣ መኪናው ታግዶበት፣ አውቶቡስ አልተሳፈረም። ጎረቤት ከጎረቤት ተጋግዞ፣ የቀረው በእግሩ ሄደ። ከመላው ታሪክ እኔን የሚገርመኝ ይህ ወር ነው። ትእዛዙ ዲሴምበር 20 ደረሰ፤ በማግስቱ ጠዋት እነ ኪንግ፣ የትግል ጓዳቸው ፓስተር አበርናቲና ኒክሰን ተሳፍረው ፊት ተቀመጡ።

ሰላም ወዲያው አልመጣም። በአውቶቡሶች ላይ ተተኮሰ፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት እግሯን ቆሰለች። ጃኑዋሪ 10 ቀን 1957 በአንድ ሌሊት አራት ቤተ ክርስቲያኖችና የአበርናቲና የግሬትዝ ቤቶች በቦምብ ተመቱ። ፓርክስ ሥራቸውን አድማው ላይ ሳሉ አጥተው ነበር፤ በ1957 ወደ ዲትሮይት ተሰደዱ። ሮቢንሰን የግዛቱ መንግሥት በኮሌጁ መምህራን ላይ ምርመራ ሲከፍት በ1960 ለቀው ሄዱ። ጊልሞር እዚያው ሞንትጎመሪ ኖረው፣ በማርች 1990 ለምርጫ መብት የተደረገውን የሴልማ ጉዞ 25ኛ ዓመት ለሚያከብሩ ሰዎች ምግብ ሲያዘጋጁ አረፉ። ኮልቪን ኒው ዮርክ ገብታ በአረጋውያን መጦሪያ በአስታማሚነት ሠራች፤ በልጅነቷ የተመዘገበባት ጥፋት በፍርድ ቤት የተፋቀላት በ2021 ነው። ዕድሜዋ 82 ደርሶ ነበር።

ከሞንትጎመሪ የተማረው ትውልድ በ1960 በምግብ ቤት መቀመጫዎች፣ በ1961 በአገር አቋራጭ አውቶቡሶች፣ በ1963 በበርሚንግሃም ጎዳናዎች ትግሉን ቀጠለ። በ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ፣ በ1965 የምርጫ መብት ሕግ ወጣ። በዚያው 1965 በኦክቶበር፣ እነዚህን ሕጎች ያወጣው የአሜሪካ ምክር ቤት በትውልድ አገር የሚያዳላውን የኢሚግሬሽን ኮታ ሻረ። ከ1924 ጀምሮ በነበረው ኮታ ለኢትዮጵያ የተመደበው በዓመት መቶ ሰው ነበር። ዜጎቹን በዘር መለየት ነውር ነው ያለ አገር በሩ ላይ የሚመጡትን በዘር መምረጡን ማስረዳት አቃተው። በ1980 የወጣው የስደተኞች ሕግና በ1990 ሕግ የተጀመረው ዲቪ የመጡት ያ በር ከተከፈተ በኋላ ነው።

ዋሽንግተን፣ አትላንታ ወይም ዳላስ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ወላጆች፦ ልጆቻችሁ በየፌብሩዋሪው በትምህርት ቤት ስለ ሮዛ ፓርክስ ይማራሉ። የቤት ሥራቸውን ስታግዟቸው ስለ ጆ አን ሮቢንሰን ማባዣ፣ ስለ ጆርጂያ ጊልሞር ማዕድ ቤትና ስለ ክላውዴት ኮልቪን ምስክርነትም ንገሯቸው።